አበልጁ፣ ዕቁቡና የድርጅቱ ካዝና፦ የአንድ ሽርክና የጉዳይ ጥናት

ይህ ጉዳይ ለምን ይጻፋል?

ሸሪክ ገንዘብ በላ የሚል ወሬ በየሰፈሩ አለ። ወሬው ብዙ ጊዜ የሚያልቀው «ከሰው ጋር አትሥራ» በሚል ምክር ነው። ከዚህ ምክር ማንም ምንም አይማርም። ይህን ጉዳይ ለየት የሚያደርገው ሒሳቡ እስከ መጨረሻው መሠራቱ ነው። ማን ምን ወሰደ፣ በየትኛው በር ወጣ፣ የትኛው ስርቆት ነው፣ የትኛውስ ማንም ያልወሰነው ደሞዝ ነው የሚለው ተለይቶ ታወቀ። ውጤቱም ሁለቱም ወገኖች ከጠበቁት የተለየ ሆነ።

እኔ የገባሁበት በሒሳብ ባለሙያነት ነው። የጠራኝ ተበደልኩ ያለው ሸሪክ ነው፤ አንባቢ ይህን ይያዝልኝ። ሁለቱም እንዲጻፍ ተስማምተዋል። ማንነታቸውን የሚጠቁም ነገር አላስገባሁም፤ የገንዘቡንም መጠን አጠጋግቼዋለሁ። አንደኛውን «ባለሙያው»፣ ሌላኛውን «ሥራ አስኪያጁ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ዳራ

ሁለቱ አብሮ አደጎች ናቸው። ባለሙያው የሥራ አስኪያጁን ልጅ ክርስትና አንስቷል፤ ስለዚህ አበልጆችም ናቸው። በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የአሉሚኒየምና የመስታወት ሥራ ድርጅት አቋቋሙ። በርና መስኮት፣ የሱቅ ፊት፣ የቢሮ መከፋፈያ ይሠራሉ። ድርጅቱ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው። ድርሻቸው እኩል ነው፤ 50 በ50። የመመሥረቻ ጽሑፉን ያዘጋጀላቸው ሰው ከሌላ ድርጅት ላይ የገለበጠው ይመስላል። «ሸሪኮቹ ባይስማሙስ?» ለሚለው ጥያቄ አንድ መስመር የለውም።

ባለሙያው ሳይት ይውላል። ልኬት ይወስዳል፣ ያስቆርጣል፣ ያስገጥማል። ሥራ አስኪያጁ ደንበኛ ያመጣል፣ ዋጋ ይደራደራል፣ ገንዘብ ይቀበላል፣ ዕቃ ይገዛል። ቼክ ላይ የሚፈርመው እሱ ብቻ ነው። በወር አንድ ቀን የምትመጣ የሒሳብ ሠራተኛ ነበረች። ሥራዋ የቀረበላትን ደረሰኝ ደምራ ቫት ማስታወቅ ነው። ያልቀረበላትን አታውቅም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ መያዝ አለበት። ባለሙያው በወር 20,000 ብር ይከፈለው ነበር። ሥራ አስኪያጁ ደሞዝ አልነበረውም። ሲጀምሩ «እኔ ትርፍ ስንካፈል እወስዳለሁ» ብሎ ነበር፤ ጨዋነት መስሎ ታየ። ትርፍ ግን በወግ ተካፍለው አያውቁም። አንድ ሰው ለዓመታት ያለ ደሞዝ ሠርቶ፣ ቤት ተከራይቶ፣ ልጅ አስተምሮ የሚኖር ከሆነ ከአንድ ቦታ እየወሰደ ነው ማለት ነው። ይህን ጥያቄ ለሰባት ዓመት ማንም አላነሳውም።

ችግሩ እንዴት ተገለጠ?

ከ2012 እስከ 2014 የአሉሚኒየም ዋጋ በየጊዜው ይጨምር ነበር። የውጭ ምንዛሪ እጥረት ነበር፤ አስመጪው ዛሬ በነገረህ ዋጋ ነገ አይሸጥልህም። ይህ ለሥራ አስኪያጁ ምቹ ሽፋን ሆነ። ሥራ ሞልቶ ካዝና ባዶ ሲሆን መልሱ ዝግጁ ነበር፦ «ዕቃው ተወደደ፣ ምን ላድርግ?» ባለሙያውም ዋጋው መወደዱን በዓይኑ ስለሚያይ አመነ። ይህን በሌሎች ድርጅቶችም አይቻለሁ። ዋጋ በሚንርበት ጊዜ የሚፈስ ገንዘብ ቶሎ አይታይም፤ ኪሳራው ሁሉ በገበያው ይሳበባል።

በ2015 መጀመሪያ ላይ ባለሙያው አንድ ሕንፃ ላይ የመጨረሻውን ገጠማ እየጨረሰ ነበር። ለዕቃ አቅራቢ የሚከፈል ገንዘብ ስላልነበረ ደንበኛውን «ቀሪውን ሒሳብ ቢያፋጥኑልን» አለው። ደንበኛው ተገረመ። «እኔ እኮ ከጨረስኩ ቆየሁ። ለአበልጅህ በሞባይል ልኬለታለሁ» ብሎ ስልኩን አሳየው። ገንዘቡ የተላከው ወደ ሥራ አስኪያጁ የግል ሒሳብ ነው። በድርጅቱ መዝገብ ላይ ግን ያ ደንበኛ እስከዚያን ቀን ድረስ ዕዳ እንዳለበት ነው የተጻፈው።

የመጀመሪያው ሽምግልና

ባለሙያው መጀመሪያ የወሰደው እርምጃ ወደ ሽማግሌ መሄድ ነበር። ነገሩን በዝምታ ሊይዘው አልቻለም። የሚያውቃቸውን ታላላቆች ሰብስቦ «ገንዘባችንን እየበላው ነው» አለ። ሥራ አስኪያጁ ተቆጣ። «የሰው ስም ማጥፋት ነው። ስንት ወሰድኩ? ቁጥሩን ንገረኝ» አለ። ቁጥር አልነበረም፤ የአንድ ደንበኛ ስክሪንሾት ብቻ ነበር። ለዚያም መልስ ተገኘለት፦ «የድርጅቱ ሒሳብ በዚያን ቀን ኔትወርክ አልነበረውም፤ ተቀብዬ ለዕቃ ከፈልኩት።»

ሽማግሌዎቹ ምን ያድርጉ? በእጃቸው ያለው የሁለት አበልጆች ጥል ነው። «ለልጁ ስትሉ» ብለው አስታረቋቸው፤ ይቅር ተባብለው ተሳሳሙ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ከመጀመሪያው የባሰ ነው። ሁለት የቆዩ የደረሰኝ ጥራዞች «ጠፉ»። የደንበኞች የስምምነት ወረቀቶች ከቢሮው መሳቢያ ወጡ። ሥራ አስኪያጁ አሁን የሚጠረጠር መሆኑን ያውቃል፤ ስለዚህ ይጠነቀቃል። ባዶ እጅን ወደ ሽምግልና መሄድ ጉዳት የለውም የሚሉ አሉ። ጉዳቱ ይህ ነው፤ ማስረጃው በማን እጅ እንዳለ ሳያውቁ ማስጠንቀቂያ መስጠት ነው።

ፖሊስና ባንክ

ቀጥሎ ባለሙያው ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 675 ላይ እምነት ማጉደል የሚባል ወንጀል አለ፤ በአደራ የተሰጠን ገንዘብ ለራስ ጥቅም ማዋልን ይመለከታል። የሰማው መልስ ግን «የሽርክና ሒሳብ ነው፤ መጀመሪያ ሒሳባችሁን ተሳሰቡ፣ ካልሆነ በፍትሐ ብሔር ክሰስ» የሚል ነበር። ብዙ ሰው በዚህ መልስ ይናደዳል። እኔ ግን ትንሽ ይገባኛል። ስንት እንደተወሰደ ያልታወቀ፣ ደሞዙ ያልተወሰነ፣ ግማሽ ድርሻ ያለው ሰው ላይ የማታለል ሐሳብ ነበረው ብሎ ማስረዳት ቀላል አይደለም።

ባንኩም ተመሳሳይ በር ዘጋ። ባለሙያው «ሒሳቡ ይታገድልኝ» ብሎ ጠየቀ። ባንኩ የሚያውቀው የተመዘገበውን ፈራሚ ነው። ፈራሚ ለመቀየር በሰነዶች ማረጋገጫ የተረጋገጠ ቃለ ጉባኤ ወይም የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ያስፈልጋል። ቃለ ጉባኤ ለማጽደቅ አብላጫ ድምፅ ይፈለጋል። 50 በ50 ላይ አብላጫ የለም። ሥራ አስኪያጁን ለመሻር የሚያስፈልገው ድምፅ የራሱ የሥራ አስኪያጁ ድምፅ ነው።

ፍርድ ቤት መሄድ ይቻል ነበር። ጠበቃ አማክሮም ነበር። ነገር ግን የተጀመሩ ሥራዎች ነበሩ፣ ቀብድ የከፈሉ ደንበኞች ነበሩ፣ ሠራተኞች ነበሩ። ክሱ ሲጀመር ደንበኛው ሁሉ ይሰማል። ባለሙያው ክሱን ለመጨረሻ አስቀምጦ ወደ እኔ መጣ።

መደራደሪያው ከየት መጣ?

እኩል ድርሻ ሁለቱንም ያስራል። ሥራ አስኪያጁን ማንሳት አይቻልም፤ ሥራ አስኪያጁም ያለ ባለሙያው ፊርማ ትልቅ ነገር ማድረግ አይችልም። ስንጠይቅ አንድ ነገር ወጣ። ሥራ አስኪያጁ ለድርጅቱ የባንክ ብድር መጠየቅ ፈልጓል። ባንኩ የሁለቱም አባላት ውሳኔ ያለበት ቃለ ጉባኤና በውጭ ኦዲተር የተመረመረ ሒሳብ ጠይቋል።

ባለሙያው እንዲህ እንዲል ተስማማን፦ «እፈርማለሁ። ግን ባንኩ የጠየቀው ኦዲት በትክክል ይሠራ። እስከዚያው ቼክ በጥምር ፊርማ ይሁን፤ ደንበኛም በድርጅቱ ሒሳብ ብቻ ይክፈል። ባንክ ይህን ሲያይ ደስ ይለዋል።» የሌብነት ወሬ አልተነሳም። የተባለው ሁሉ እውነት ነው፤ ባንክ በእርግጥ ይህን ይወዳል። ሥራ አስኪያጁ ብድሩን ስለፈለገ ተስማማ። ለደንበኞች በድርጅቱ ማኅተም ደብዳቤ ወጣ። የሒሳብ ቁጥሩና የቴሌብር ክፍያ በድርጅቱ ስም ብቻ ሆኑ። የደረሰኝ ጥራዞች ተቆጥረው ቁልፍ ያለው ሣጥን ገቡ። ሳይት ላይ የሚተርፈው የአሉሚኒየም ቁርጥራጭም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በኪሎ እየተመዘነ ተመዘገበ። እስከዚያ ድረስ ለቆራሌው ተሸጦ የት እንደሚገባ ማንም አያውቅም ነበር። አሉሚኒየም በኪሎ ጥሩ ዋጋ ያወጣል፤ እንደ ቆሻሻ የሚያየው ያልሸጠው ሰው ብቻ ነው።

ከሁሉም እርምጃ ጥሩ የሠራው ይህ ይመስለኛል። መጀመሪያ ፍሳሹ ቆመ፤ ያለፈው የተቆጠረው ከዚያ በኋላ ነው።

ሒሳቡን እንደገና መሥራት

የሥራ አስኪያጁ ወረቀት ጎዶሎ ነበር። የባለሙያው ግን ሙሉ ነበር፤ እሱ ራሱ እንደ ሒሳብ ሰነድ አይቶት አያውቅም እንጂ። በየሥራው የልኬት ደብተር ይይዛል። የደንበኛው ማንነት፣ የመስኮቱ ብዛት፣ ስንት ካሬ እንደሆነ፣ በካሬ የተስማሙበት ዋጋ፣ የተገጠመበት ቀን አለ። የሦስት ዓመት ደብተሮች ከመኪናው የኋላ ወንበር ሥር ተገኙ።

ሠንጠረዡ ቀላል ነው። በአንድ ዓምድ ከደንበኛው ጋር የተስማሙበት ዋጋ፤ በሁለተኛው ደረሰኝ የተቆረጠለት፤ በሦስተኛው በባንክ የገባው። ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ መስመር። ኦዲተሩ ደግሞ እንደ ደንቡ ለደንበኞች የሒሳብ ማረጋገጫ ደብዳቤ ላከ፦ «በእኛ መዝገብ ይህን ያህል ይቀርብዎታል፤ ትክክል ነው?» ብዙዎቹ «ከፍለናል» ብለው የላኩበትን ማስረጃ አያያዙ። ጥቂቶቹ ግን ዝም አሉ። ምክንያታቸው ቆይቶ ገባን። ያለ ደረሰኝ ይቀነስልን ብለው ቫት ሳይከፍሉ የተዋዋሉ ናቸው። እነሱም በወረቀት ላይ መታየት አይፈልጉም።

ለሦስቱ ዓመታት መኖር የነበረበትና የሌለው ገንዘብ 3.8 ሚሊዮን ብር ሆነ።

ባለሙያው ይህን ቁጥር ይዞ ሊሮጥ ነበር። «3.8 ሚሊዮን በላኝ!» አለ። አልበላውም፤ ቢያንስ ሁሉንም አይደለም። ሦስት ቦታ ተከፈለ።

900,000 ብሩ ሥራ አስኪያጁ በቼክ በስሙ ያወጣውና መዝገብ ላይ «ተሰብሳቢ»፣ ማለትም ወደፊት የሚመለስ ገንዘብ፣ ተብሎ የተጻፈ ነው። አልደበቀውም፤ አልመለሰውምም። ቀሪው 2.9 ሚሊዮን ግን መዝገብ ውስጥ ጭራሽ ያልገባ ሽያጭ ነው። ከዚህ ውስጥ 700,000 ያህሉ ለድርጅቱ ሥራ እንደወጣ ተረጋገጠ፦ ለቀን ሠራተኛ፣ ለጫኝና አውራጅ፣ ለትራንስፖርት። ደረሰኝ የለውም፤ ባለሙያው ራሱ ሳይት ላይ ሲከፈል ያየው ነው። የቀረው 2.2 ሚሊዮን የት እንደገባ ከሥራ አስኪያጁ በቀር የሚያውቅ የለም።

የግብሩ ጣጣ

እዚህ ላይ ጉዳዩ መልኩን ቀየረ። ከዚህ ሁሉ ታሪክ አንባቢ አንድ ክፍል ብቻ የሚያነብ ከሆነ ይህን ቢያነብ ደስ ይለኛል።

ያለ ደረሰኝ የተሸጠው 2.9 ሚሊዮን በግብር ሕግ ዓይን የድርጅቱ ሽያጭ ነው። ገንዘቡ በማን ኪስ ገባ የሚለው ለግብር ሰብሳቢው ጉዳዩ አይደለም። ደንበኛው የከፈለው ዋጋ 15 በመቶ ቫት እንዳለበት ተቆጥሮ ሲሰላ ቫቱ ብቻ ወደ 378,000 ብር ይመጣል። በቀሪው ላይ 30 በመቶ የንግድ ትርፍ ግብር አለ። ያ 700,000 ብር ወጪ ደረሰኝ ስለሌለው አይቀነስም። ይህም ወደ 757,000 ይጠጋል። በድምሩ ከ1.1 ሚሊዮን ብር በላይ፤ ቅጣትና ወለድ ገና ሳይታሰብ። የ900,000 ብሩም ነገር ቀላል አይደለም። ድርጅት ለአባሉ የሰጠውን ብድር በይዘቱ የትርፍ ክፍፍል ከሆነ ግብር ሰብሳቢው እንደዚያው ሊቆጥረው ይችላል።

ባለሙያው ይህን ሲሰማ ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። ከዚያ «ታዲያ ብከሰው ራሴን ነው የምከሰው?» አለ። በከፊል አዎ። ፍርድ ቤት የሚቀርበው ሠንጠረዥ ያልታወቀ ሽያጭ ዝርዝርም ነው። ብዙ ሸሪኮች በዚህ ምክንያት ዝም ይላሉ፤ ገንዘብ የሚያጎድለው ሰውም ይህን ያውቃል። «ተናገር፣ አብረን እንገባለን» የሚለው ማስፈራሪያ ከዚህ ይመነጫል።

መፍትሔው ማስፈራሪያውን ባዶ ማድረግ ነበር። ድርጅቱ ራሱ ቀርቦ ማስታወቂያዎቹን አስተካከለ፤ ዕዳውንም በጊዜ ገደብ ለመክፈል ከግብር ሰብሳቢው ጋር ተስማማ። ከባድ ነበር። ግን ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም በዚህ ማስፈራራት አልቻለም።

ሁለተኛው ሽምግልና

ይህኛው ከመጀመሪያው በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጡረታ የወጡ የባንክ ሰው ነበሩ፤ ሒሳብ ያነባሉ። ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ ሽማግሌ ሁለት ገጽ ወረቀት ተሰጠ፤ ሥራ አስኪያጁም አስቀድሞ ደረሰው። ወረቀቱ ላይ «ሰረቀ» የሚል ቃል የለም። የሥራው ዝርዝር፣ የተከፈለው ገንዘብ፣ የገባበት ቦታ ብቻ ነው ያለው። 700,000ውም ለእሱ ተቆጥሮለታል። ይህ ሳይጠይቅ የተሰጠ ነገር ስለሆነ ሌላውን ሁሉ መካድ ከበደው።

ትልቁ ሽማግሌ «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ። እስቲ ከመጀመሪያው ንገረን» አሉት። ሥራ አስኪያጁ ጥቂት ከተከራከረ በኋላ ተናገረ። የመርካቶ ነጋዴዎች ያሉበት ትልቅ ሳምንታዊ ዕቁብ ገብቷል። በመሀል ቤት መሥራት ጀመረ። ከደንበኛ የተቀበለውን ለዕቁብ ይከፍላል። «ዕቁቡ ሲደርሰኝ እመልሰዋለሁ ብዬ ነው፤ ጋሼ፣ እግዜር ያውቃል» አለ። ዕቁቡ ሲወጣለት ግን ብሎኬትና ብረት እየጠበቁት ነበር። ቀጥሎም ሁለተኛ ዕቁብ ገባ።

ከዚያ የራሱን ጥያቄ አነሳ፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። «ሰባት ዓመት ያለ ደሞዝ ሠርቻለሁ። አበልጄ በየወሩ ይወስዳል። እኔስ?» ሽማግሌዎቹ ለተመረመሩት ሦስት ዓመታት የባለሙያውን ያህል፣ በወር 20,000 ብር እንዲታሰብለት ወሰኑ። 720,000 ብር ነው። 900,000ው ከ2.2 ሚሊዮኑ ጋር ተደምሮ ይህ ሲቀነስ ዕዳው 2.38 ሚሊዮን ሆነ። ባለሙያው በደሞዙ ነገር ቅር ብሎት ነበር። እኔ ግን ስምምነቱን ያቆመው ይህ ነው እላለሁ። የሚገባውን የተነፈገ ሰው የማይገባውን ሲወስድ ሌብነት አይመስለውም።

«ግማሹ የራሱ ነው» የሚለው ክርክር

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ግማሹ ድርሻው አይደል? 1.19 ሚሊዮኑን ይመልስ፤ ይበቃል» አሉ። ለጆሮ ደስ የሚል ፍርድ ነው። ሥራ አስኪያጁም ወዲያው ተቀበለው።

የተወሰደው ግን የአበልጁ ገንዘብ አይደለም፤ የድርጅቱ ነው። ድርጅቱ ለአቅራቢዎች ዕዳ አለበት፣ ግብር አለበት። እነሱ ሳይከፈሉ ለአባል የሚደርስ ነገር የለም። አብረው የሚቀጥሉ ከሆነ ሙሉው ወደ ድርጅቱ ይመለሳል። ግማሽ ድርሻ ትርጉም የሚኖረው ሲለያዩ ብቻ ነው።

ባለሙያው መለያየት ስለፈለገ ያንንም አሰላን። የማሽንና የዕቃ ዋጋ ከደንበኞች ከሚሰበሰበው ገንዘብ ጋር ተደምሮ፣ የአቅራቢና የግብር ዕዳ ተቀንሶ 3 ሚሊዮን ብር ያህል መጣ። ሥራ አስኪያጁ ያለበት 2.38 ሚሊዮን ሲጨመር 5.38 ሚሊዮን ነው። የእሱ ግማሽ 2.69 ሚሊዮን። ዕዳው ሲነሳለት ባለሙያው ለሥራ አስኪያጁ 310,000 ብር ከፍሎ ያሰናብተዋል ማለት ነው።

«ገንዘቡን ወስዶ ደግሞ እኔ ልክፈለው?» ብሎ ባለሙያው ከወንበሩ ተነሳ። ሒሳቡ ግን ትክክል ነው። ለሥራ አስኪያጁም ቢሆን ጣፋጭ አልነበረም። በወቅቱ በነበረው ሕግ በድርሻ ሽያጭ በሚገኝ ጥቅም ላይ 30 በመቶ ግብር ነበር። ግብሩ የሚሰላው ከ310,000ው ሳይሆን ከ2.69 ሚሊዮኑ በሚገኘው ጥቅም ላይ ስለሆነ፣ በእጁ ከሚገባው 310,000 የግብሩ መጠን ይበልጥ ነበር። መለያየቱ እዚያው ላይ ወደቀ።

የተደረሰበት ስምምነት

ሥራ አስኪያጁ ከሥራ አስኪያጅነት ወረደ። ቦታውን ባለሙያው ያዘ፤ ቋሚ ገንዘብ ያዥ ተቀጠረች። የወረደው ሰው በደሞዝ የሽያጭ ሠራተኛ ሆኖ ቀጠለ። ደንበኛ በማምጣት ከእሱ የሚሻል እንደሌለ ባለሙያውም አይክድም። ገንዘብ ግን አይነካም። በግብሩ ላይ የመጣው ቅጣትና ወለድ በእሱ ዕዳ ላይ ተጨመረ። ዋናው ግብር የድርጅቱ ሆኖ ቀረ፤ በትክክል ተመዝግቦ ቢሆንም ይከፈል ስለነበር።

ዕዳውን አምኖ በውልና ማስረጃ ፊት ፈረመ። የቤቱን ካርታ ለመያዣነት እንዲሰጥ ተጠይቆ ነበር፤ ባለቤቱ አልፈረመችም። መብቷ ነው። የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱም ስምምነት ለዕዳ መያዣ አይሰጥም። በምትኩ ፒክአፕ መኪናውን ሸጦ 900,000 ብር አስገባ። ሁለተኛው ዕቁብ ሲደርሰው 400,000 ብሩ ከዕቁቡ ዳኛ እጅ በቀጥታ ወደ ድርጅቱ ሒሳብ ገባ። ቀሪው በየዓመቱ ከትርፍ ድርሻው፣ ግብሩ ከተቀነሰ በኋላ፣ እየተያዘ ይከፈላል። የመጀመሪያው ዓመት ተከፍሏል። በሁለተኛው ዓመት ትርፉ ትንሽ ስለነበረ የተከፈለውም ትንሽ ነው።

የባንክ ብድሩ አልተገኘም። የተስተካከለው ሒሳብ ለአበዳሪ የሚያምር አልነበረም።

ለሌላ ሽርክና የሚሆነው

ከዚህ ጉዳይ ወደ ሌላ ድርጅት ሊሻገር የሚችለው መጀመሪያው ቅደም ተከተሉ ነው። ገንዘቡ የሚፈስበትን በር ዝጉ፣ ከዚያ ቁጠሩ፣ ከዚያ ተናገሩ። ባለሙያው በተቃራኒው ጀምሮ ሁለት ጥራዝ ደረሰኝ አጣ።

የሸሪክ ደሞዝ ሳይወሰን አይቆይ። «በኋላ እንተሳሰባለን» የሚለው ሸሪክ ለጋስ ሳይሆን ክፍት ቼክ የያዘ ሰው ሊሆን ይችላል። ዝምድና ካለ ደግሞ ቶሎ ይወሰን፤ በአበልጅ ፊት ደሞዝ ማንሳት ከዓመት ዓመት እየከበደ ነው የሚሄደው።

ማስረጃ ከሒሳብ ክፍል ብቻ አይፈለግ። በዚህ ጉዳይ ያዳነው የልኬት ደብተር ነው። ዳቦ ቤት ከሆነ የዱቄት ኩንታል፣ ሆቴል ከሆነ የአንሶላ እጥበት፣ የጭነት መኪና ከሆነ ነዳጅ ያው ሥራ ይሠራሉ። ገንዘብ የሚይዘው ሰው የማይነካው መዝገብ የትኛው ነው ብሎ መጠየቅ ነው።

ሽምግልናን ብዙ ወጣት ነጋዴዎች ይንቁታል። ቁጥር ከሌለው በእርግጥ ከመሳሳም አያልፍም። ወረቀት ከቀረበለትና ውጤቱ ተጽፎ ከተረጋገጠ ግን፣ በዚህ ጉዳይ እንዳየሁት፣ ፍርድ ቤት በማይጠይቀው መንገድ ይጠይቃል። «ዕቁቡን እመልሰዋለሁ ብዬ ነው» የሚለው ቃል በክስ መልስ ላይ አይጻፍም ነበር።

50 በ50 የሚጀምሩ ሰዎች የማይስማሙበትን ቀን አስቀድመው ይጻፉ። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ከወጣ በኋላ እንኳ ብዙ ድርጅቶች የድሮውን የተገለበጠ ደንብ ይዘው ነው ያሉት። እነዚህ ሁለቱ ደንባቸውን ሲያሻሽሉ አንድ አንቀጽ አስገቡ። አንዱ ሸሪክ ለግማሽ ድርሻ ዋጋ ይጠራል፤ ሌላው በዚያው ዋጋ ይሸጣል ወይም ይገዛል። ዋጋ የሚጠራው ሰው ሻጭ ይሁን ገዢ ስለማያውቅ ዋጋውን ማጋነንም ማሳነስም አይመቸውም። ቃለ ጉባኤው በሚፈረምበት ቀን የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ የተከራከረው በዚህ አንቀጽ ላይ ብቻ ነበር። መልስ ለመስጠት የተቀመጠው 30 ቀን ያንሳል፣ 90 ይሁን አለ። ባለሙያው 60 አለ፤ በ60 ተፈራረሙ።